በሺር የልጅ ልጁን የታቀፈ ዕለት

ጎረቤቴን በሺርን ሰውነቱን ማሳከክ ከጀመረው ዓመት አልፎታል። ሽፍታ የለው፣ ቁስል የለው፤ ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላው። እንቅልፍ ካጣ ሰነበተ። ኮምቦልቻ ላይ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሥራውን አቁሞ ሲያክ ያየው ደንበኛ ጨርቁን ይዞ ይመለሳል። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ የእከክ ነገር ሰውን ያስደነግጣል፤ በየመጠለያው ስንቱን እንዳዳረሰ ሁሉም አይቷል።

ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት አብሬው ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ደሙንና ሽንቱን አስመርምሮ፣ "ቆዳዎ ጤነኛ ነው፤ የደከመው ኩላሊትዎ ነው። እሱ ማጣራት ያቃተው ቆሻሻ ነው የሚያሳክክዎ" አለው። ወደ ሰው ይተላለፍ እንደሆነ ጠየቅኩ። "በፍጹም" አለ። ደም የሚያጥበው መሣሪያ ግን ለእሱ ዓይነቱ በሽተኛ በአገራችን እንደማይገኝ አልደበቀንም። ቅባት ሰጥቶ ሸኘን።

ይህንኑ ለጎረቤቱ ብናገር፣ "ሞላ፣ አንተማ ወዳጁ ነህ" ይሉኛል።

በዚህ መሃል ምራቱ ለይላ ወንድ ልጅ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ነው።

"ይታቀፉታል አባባ፣ ትንሽ ይጠንክር" ትለዋለች፣ ሕፃኑን በሻርፗ ሸፍና።

"እሺ ልጄ" ይላታል። ለእኔ ግን፣ "እሱ እስኪጠነክር እኔ እኖራለሁ?" አለኝ።

ስም የወጣለት ዕለት በግ ታረደ፤ ለእኔ ለክርስቲያኑ ሽሮ ለብቻ ቀረበልኝ። ዱአው ሲያልቅ ልጁ ጀላል ተባለ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በሺር ጋ ሊደርስ ሲል ለይላ ተነሥታ ተቀበለችው።

የበሺር ሚስት ረሂማ ጭልፋዋን አስቀመጠች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ምራቷ ፊት ዘረጋችው።

"እይ! ዓመት ሙሉ ከሱ ጋር በአንድ ጋቢ ነው የተኛሁት። የታለ እከኩ?"

"እማ፣ እኔ እኮ..."

"ዳሺው እንጂ፣ አይነክስሽም!"

አንዲት አሮጊት፣ "እንዲህ ያለ ክንድ ደብቀሽ ነው የኖርሽው?" ስትል ሰው ሳቀ። እኔ ዓይኔን ሽሮዬ ላይ ተከልኩ።

ለይላ ዳሰሰችው። አንገቷን ደፍታ ሕፃኑን አምጥታ በሺር ክንድ ላይ አኖረችው። "አፉ ይበሉኝ፣ አባባ።"

"አፉ ብያለሁ። ቢስሚላህ" ብሎ ታቀፈው።

ብዙም ሳይቆይ ትከሻው ሲሸማቀቅ አየሁ፤ ማሳከኩ መጥቶበታል። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል። ግንባሩን ላብ አራሰው።

"ልቀበልህ?" አልኩት።

"ተወኝ።"

ረሂማ ከኋላው መጥታ ተቀመጠች። እንግዳው ሁሉ እያየ፣ በሸሚዙ ላይ ጀርባውን ታክለት ጀመር።

"ወደ ላይ" አላት፣ ዓይኑን ከሕፃኑ ሳያነሣ። "አዎ፣ እዚያ ጋ።"