ማንኪያዎቹ የት ገቡ

«ሱሪው እኮ ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት ነበር» አለች የሟቹ ታላቅ እህት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዝቅ አድርጋ ማለት እንግዲህ በእሷ ልክ ነው። ሳሎን ውስጥ ያንሾካሾከችው ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ እጇን የሳሙናው ውሃ ውስጥ እንደነከረች ቆመች። ብርጭቆ ማጠቡን ተይና አርፈሽ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ ብላለች፤ እጇ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይብስባታል። ባሏ ከተቀበረ ገና ሳምንት አልሞላውም።

«ያን የሚያህል ሰው» ቀጠለች እህትየው፣ «ያ ደረት፣ ያ ክንድ። ብቻውን በር ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ ሰው። ቅጠል ስታበላው ስታበላው አመነመነችው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብቻ ወንድሜ ሳይጠግብ ነው የሞተው።»

«ተይ እንጂ፣ ትሰማሻለች» አለቻት አንዲት ጎረቤት።

«ትስማ።»

ሰማች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ እንኳ ደግ ነበር፤ የከፋው እሷም ይህንኑ ስታስብ መክረሟ ነው። ከቀብር መልስ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏታል። ባሏ ያን ሁሉ ጊዜ የበላው ደስ ብሎት ነው ወይስ ለእሷ ሲል እየተራበ ኖሮ ሞተ? የሚመልስላት ሰው ደግሞ አፈር ለብሶ ተኝቷል።

አናጺ ነበር። ሥጋ ካልበላ የበላ የማይመስለው፣ ከጠረጴዛው ሲነሳ አጥንቱን እንኳ በዓይኑ የሚሰናበት ሰው። አንድ ቀን የደንበኛ ቁም ሣጥን ሲገጥም ዓይኑ ጭልም አለበትና መሰላሉን ይዞ ቁጭ አለ። ጓደኞቹ ሐኪም ቤት ወሰዱት። የደም ግፊቱ ጣራ ነክቶ፣ ደሙ ውስጥ ስብ በዝቶ ተገኘ። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነበር።

«በአንድ ጊዜ ቁረጥ አልልህም፤ በአንድ ጊዜ የተወ ሰው በሳምንቱ ይመለሳል። ቀስ እያልክ ወደ አትክልቱና ወደ ጥራጥሬው ሂድ። ጨውም ቀንስ።»

ከሐኪም ቤቱ በር ሳይርቁ አናጺው ፊቱ ፈካ። «ሰማሽው አይደል? ቀስ እያልክ ነው ያለው። ቀስ ማለት ደግሞ እኔ እችልበታለሁ። ዛሬ ሥጋ፣ ነገም ሥጋ፣ ከነገ ወዲያ እናያለን።»

ሰውየው ሚስቱን ረስቷት ነው። እሷ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም፤ ደግሞም ቀስ ማለትን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፣ እንጀራዋ ነው። ነገሩን ልብስ እንደማጥበብ ያዘችው፤ ዛሬ አንድ ጣት፣ በወሩ ሌላ ጣት፣ ለባሹ እንኳ ሳይነቃ። መጀመሪያ እራቱን ወደ አትክልት ሾርባ አዞረችው። ከዚያ ሥጋውን ቀን ዘላ ማብሰል ጀመረች። ከዚያ የተፈጨውን ሥጋ በምስር ትደባልቀው ገባች፤ ሲሶ ምስር፣ ቆይታ ግማሽ፣ ቆይታ ደግሞ ሥጋው ለስሙ ያህል ብቻ።

አናጺው አንድ ማታ ጎርሶ ማኘኩን አቆመና በርጋታ አያት።

«የዚህ በሬ እናት ምስር ነበረች እንዴ?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

«እሺ፣ የኔ ሐኪም።» በላ። ሳህኑን በዳቦ ጠረገው።

ዓመት ሲሞላ ሳህኑ ላይ ሥጋ የሚባል ነገር አልነበረም። «ፍየል አደረግሽኝ» ይላል፤ ይበላል። ባቄላውን ይበላል፣ ዱባውን ይበላል፣ ጎመኑን ይበላል። ጨው ስትጨምርለት በጣቷ ትቆነጥርና ከቁንጥሯ ግማሹን ወደ ቆርቆሮው ትመልሳለች። ግፊቱ ወረደ። ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩ ቀረ። ሱሪው ሲሰፋው እሷ ታጠብለታለች፤ ባጠበበችው ቁጥርም በልቧ ትስቅ ነበር፣ ከሞት እጅ አንድ ጣት የቀማች እየመሰላት። አሁን ያው ሱሪ መኝታ ቤቱ በር ጀርባ ተሰቅሏል፤ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

የማትደራደርበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እንግዳ። እንግዳን በቅጠል ሸኘች ከምትባል ሞቷን ትመርጣለች። ሰው ከመጣ ሥጋ ይገዛል፣ ትልቁ ድስት ይወጣል። ሥጋው ፊቱ ከቀረበ ደግሞ አናጺው ምን ያድርግ፣ እሱም ሁለት ሦስት ቁራጭ ያነሳል፤ ማታ ራሱን ይዞ ይተኛል። በማግስቱ ታኮርፈዋለች። «እንግዳውን አንቺ ጠርተሽ ኩርፊያው ለኔ» ይላታል።

አንጀቷን የሚበላት ግን የምሳ ዕቃው ነገር ነው። አትክልቱን በጀመረ በጥቂት ወሩ «ይቺ አልበቃችኝም» አለና መካከለኛውን ገዛችለት። ወዲያው እሱም አነሰ። ያኔ ነው አራት ሰው የሚያጠግበውን፣ ባለ እጀታውን ትልቅ ምሳ ዕቃ የገዛችው። እሱም ቢሆን ሙልጭ ብሎ ይመለሳል።

«ይርብሃል እንዴ?» ብላው ነበር አንድ ጠዋት።

«ሥራው ነው» አላት ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል።

በዚያው ሰሞን ማንኪያዎቿ መጥፋት ጀመሩ። መሳቢያውን ገለበጠች፣ ቆሻሻ መጣያውን በረበረች፣ ጎረቤት እስከ መጠርጠር ደረሰች። «ሰው ምን ቢያደርግ ማንኪያ ይጥላል? ትበላቸዋለህ እንዴ?»

«ሐኪሙ ብረት ያንስሃል ብሎኛል» አላት አናጺው ሳይስቅ። ያኔ ስቃ አለፈችው። አሁን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስታስበው ግን ሌላ መልክ ይይዝባታል። የጠገበ ሰው ሳህን አይጠርግም። የጠገበ ሰው ምሳ ዕቃ አያስለውጥም። ተርቦ ነበር፣ እሷም ጎበዝ ነኝ ብላ ቀበቶው ላይ ቀዳዳ ስትጨምር ኖራለች።

የመጨረሻው ቀን ምሳ ደግሞ አለ። የሙሽራ ቀሚስ ነበረባት፣ ሙሽሪት በጠዋት በር ላይ ቆማ ነበር። ድንችና ካሮት ጎመን ጨምራ አፍልታ፣ ምሳ ዕቃውን ሞልታ ሰጠችው። «ዛሬስ መርፌው ይዞሻል፣ በይ ደህና ዋይ» ብሎ ወጣ። ቀሚሱን ስታስረክብ ነው ጨው መርሳቷ ትዝ ያላት። ማታ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ፤ አናጺው መላጊያውን እንደያዘ ቁጭ ብሎ ሳይነሳ ቀረ።

ናፈቃት። ሐዘን ይባላል እንጂ ለእሷ ናፍቆት ነው። ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ እጇ ምሳ ዕቃ ፍለጋ ይንቀሳቀሳል። ማታ ማታ ሰው ሁሉ እያወራ እሷ በሩን ታዳምጣለች፣ ጫማውን መድረኩ ላይ ሲያራግፍ የምትሰማ ይመስል። ማን ነበር ሰጋቱራ ቤቴን ሞላው ብሎ የሚጮኸው? ዛሬ ከደጃፉ እስከ አልጋው ሰጋቱራ ቢነሰነስ ደስታዋ ነበር።

ብርጭቆዎቹን አጥባ ስትጨርስ ሳሎኑ ጸጥ አለ፤ አዲስ ለቅሶ ደራሽ ገብቷል። ወደ በሩ ሳትዞር ሽታው ቀድሟት መጣ፤ የጣውላና የቫርኒሽ ሽታ። ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ለአንድ አፍታ፣ እሱ ነው ብላ ዘወር አለች።

የእንጨት ሥራ ቤቱ ጓደኞቹ ናቸው። ከፊት ቫርኒሽ ቀቢው ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ራሰ በራው መጋዝ ሠራተኛ፣ ከእነሱም ጋር ስማቸውን የማታውቀው ሁለት ሰዎች። በቀብሩ ቀን አይታቸዋለች፣ ግን ያን ቀን ማንን አየች? ሽማግሌው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘዋል።

«ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉና ሳሎን መጥታ ስትቀመጥ ቋጠሮውን ጉልበቷ ላይ አኖሩላት። «እዚያው ቀርቶ ነበር። አጥበነዋል።»

ፈታችው። ትልቁ ምሳ ዕቃ ነው። ሲነኩት ተንኳኳ፤ ውስጡ ነገር አለ። ክዳኑን ከፈተች። ማንኪያዎች ናቸው። አበባ የተቀረጸበት፣ እሳት ያጠቆረው፣ እናቷ የሰጠቻት ረጅሙ፤ ከመሃላቸው ደግሞ እጀታው ተሰብሮበት አናጺው ራሱ የእንጨት እጀታ የገጠመለት የገዛ ማንኪያው።

«እነዚህ የኔ ናቸው» አለች ቀስ ብላ።

«ደግሞ ማንኪያ ከቤቱ ይሰርቅ ነበር?» አለች እህትየው አንገቷን አስግጋ።

«ለእኛ ነው ያመጣልን» አሉ ሽማግሌው። «መጀመሪያ ሰሞን ከጣውላው ክምር ጀርባ ተደብቆ ነበር የሚበላው፣ አፍሮ። የቫርኒሽ ማቅጠኛውን ቲነር ፍለጋ ስሄድ ያዝኩት። ‹ምንድን ነው?› ብዬ ስጠይቀው ‹ቅጠል ነው› አለኝ። ቀመስኩለት። በማግስቱ ይሄ ራሰ በራ መጣ።»

«እኔ የመጣሁት አባባን ፍለጋ ነው» አለ ራሰ በራው።

«ውሸቱን ነው፣ ሽታውን ተከትሎ ነው የመጣው። ከዚያማ ምን ልንገርሽ። አንድ ቀን ጨርሰንበት እሱ ዳቦ ብቻ በላ። ክፉ አልተናገረንም። በሳምንቱ ትልቁን ዕቃ ይዞ ከች አለ።»

ልብስ ሰፊዋ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ያዘችው። «ታዲያ ምነው ለኔ ቢነግረኝ?»

ሽማግሌውና ራሰ በራው ተያዩ።

«ጠይቀነዋል» አሉ ሽማግሌው። «‹ለሰው መሆኑን ካወቀች ሥጋ ታገባበታለች፤ ሥጋ ካገባችበት እኔም እበላለሁ፤ እኔ ከበላሁ የለፋችው ልፋት ሁሉ ገደል ገባ› አለን። አደራ፣ አንድ ቀን እቤት ብትመጡ እንዳታመሰግኗት ብሎ አስምሎናል።»

ጎረቤቷ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ልብስ ሰፊዋን የሚያውቅ ሁሉ ሊስቅ ይገባው ነበር። እህትየው አልሳቀችም። ለለቅሶ ደራሹ ብላ ወጥ ቤት የጣደችውን የሥጋ ድስት የረሳች መስላ ማንኪያዎቹን ታያለች።

አሁን መጠየቅ አለባት። ዛሬ ካልጠየቀች ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች።

«እሱስ፣ አባባ? እሱ ይጠግብ ነበር?»

«ጠግቦ ነው እንጂ የሚተኛው» አሉ ሽማግሌው። «ምሳ በልቶ ሰጋቱራው ላይ ጋደም ይላል፣ ሆዱን ደባበስ ደባበስ አድርጎ ያንኮራፋል። ማሽኑን የምናስነሳው እሱን ለመቀስቀስ ነበር። ክዳኑን ሲከፍት ደግሞ ስላንቺ ሳያወራ አይጀምርም። ካቃጠለው ‹ዛሬ ደንበኛ አናዳታለች› ይላል። ካማረለት ‹ዛሬ ዘፍና ነው የሠራችው› ይላል። እኛ ሳናይሽ ነው የለመድንሽ።»

 «የመጨረሻው ቀን» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ጨው ረስቼ ነበር።»

«ረስተሻል» አለ ራሰ በራው። ሽማግሌው በክርናቸው ጎሸም አደረጉት፤ እሱ ግን ቀጠለ። «ሮጬ ከሱቅ ጨው አመጣሁ፣ ሁላችንም ጨመርን። እሱ እምቢ አለ። ‹ሙሽሪት አዋክባት ነው፤ እኔ እሷ እንደሰጠችኝ ነው የምበላው› አለ። በላው። ጥጉን ሁሉ በዳቦ ጠረገው።»

ያኔ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን ያለቀሰችው ከሰው ጋር ነበር፤ ይሄኛው የራሷ ነው። ማንም ተይ አላላትም። ሲወጣላት ተነስታ ቀሚሷን አስተካከለች።

«ማንም እንዳይሄድ» አለች።

ወጥ ቤት ገብታ የእህትየውን ድስት ወደ ዳር ገፋችው። ሽንኩርት ከተፈች፣ ቲማቲም ጨመረች፣ ምስሩን አጥባ ጣደች። ሽታው ሳሎን ሲደርስ ወሬው ሁሉ ቆመ። እንግዳን በቅጠል የተቀበለችው በዕድሜዋ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። በትልቁ ምሳ ዕቃ አድርጋ መሃል አቀረበችው፣ ዳቦ አስከተለች፣ ማንኪያዎቹን ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው ሳያዩ እጃቸውን ዘርግተው እሳት ያጠቆረውን ወሰዱ፣ ራሰ በራው አበባ ያለበትን፣ ሌሎቹም የየለመዱትን። ድሮውንም እንደዚያ ነበር የተከፋፈሉት።

የእንጨት እጀታው ብቻ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ እጇ ላይ ይዛው ቆመች።

እህትየው እጇን ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ አመነታች፣ ከዚያ ሰጠቻት። እህትየው እጀታውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ወንድሟ የላገውን። ቀመሰች። ደገመች። ሦስተኛውን ዋጥ አድርጋ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች። በዚህ ጊዜ ድምጿ እውነትም ዝቅ ብሎ ነበር።

«ላምጣ፣ እትዬ።»

ወጥ ቤት ገብታ ቆርቆሮውን ከፈተች። በጣቷ ቆነጠረች። ከዚያ ጣቷን ላላ አደረገችና ግማሹን ወደ ቆርቆሮው መለሰችው።