ያለ ጓንት

ላቦራቶሪው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ "ጓንቴ" ነው የሚሉት። በባዶ እጁ የናሙና መደርደሪያ የነካ ሰው ካየ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል። "አንዲት የቆዳ ቅንጣት ገብታ የሰው ውጤት ታበላሻለች!" ይላል። እውነቱን ነው፤ ሥራቸው ከታይሮይድ ዕጢ ዲኤንኤ አውጥቶ፣ በማሽን አባዝቶ፣ ካንሰሩን ያመጣውን የዘረመል ለውጥ፣ ሚውቴሽኑን፣ መፈለግ ነው።

ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የነበረው ናሙና ግን የእናቱ ነበር። በታይሮይድ ካንሰር የሞተችው እሱ ገና ልጅ ሳለ ነው። ያኔ ሐኪሞቹ ከአንገቷ የወሰዱት ቁራጭ ሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ የሆስፒታሉ ምድር ቤት ይህን ሁሉ ዘመን አስቀምጦታል። ሚውቴሽኑ በዘር የሚወርድ ከሆነ ለእሱ፣ በእሱም በኩል ለአንድያ ልጁ ሊተርፍ ይችላል። እንቅልፍ የነሳው የልጅቷ ነገር ነው። በጊዜ ከታወቀ ዕጢው ቀድሞ ይወጣላታል፤ ከዘገየ ግን እንደ አያቷ መሆኗ ነው።

"ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬድሃል? ያንተን ደም ስጥና እንገላገል" አሉት ሽበታሟ የላቦራቶሪው ኃላፊ።

"ከእሷ ካልጀመርን የትኛውን ሚውቴሽን እንደምንፈልግ በምን እናውቃለን፣ እትዬ?"

ይሄም ልክ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ፍርሃት ነው። በሰው ደም ላይ ጀግና የሆነው ሰውዬ፣ የራሱን ስጥ ሲባል ሰበብ ይፈልጋል።

እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከስፌት መኪናዋ ሥር ቁጭ ብሎ የጨርቅ ቁርጥራጭ ሲለቅም ነው ያደገው። አንገቷ ላይ ያለችውን እብጠት በጣቱ ነካ እያደረገ "ይቺ ምንድናት?" ሲላት፣ "ተረት የማስቀምጥባት ናት፤ ስትጫናት ይወጣል" ትለው ነበር። ይጫናታል፤ ትተርትለታለች። እግሯ መርገጫውን ሳያቋርጥ፣ ጦጣዋንም ንጉሡንም እየሆነች ታወራለታለች። አይ ጊዜ! ያቺ ጠባብ ክፍል፣ ያ የመኪና ዘይት ሽታ፣ ያ ሳቋ፣ አሁን ከየት ይመጣል?

ሰሙን በጓንት እጁ ይዞ ብዙ ቆመ። መሐሉ ላይ ያለችው ግራጫ ነጥብ ያቺው እብጠት ናት። ዙሪያውን ቃኘት አደረገ፤ ማንም የለም። ጓንቱን አወለቀና በባዶ ጣቱ ነካት፤ ቀስ አድርጎ፣ ተረት እንደሚጠብቅ ልጅ። ናፍቃዋለች፤ ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ ጓንቱን መልሶ አጥልቆ ሰሙን ይፍቅ ገባ። መጀመሪያ የተፋቀው፣ እጅ ሊነካው የሚችለው ላይኛው ክፍል፣ ይጣላል፤ ደንቡ ነው። ግን ከእናቱ ምኗ ይጣላል? አንጀቱ አልቆረጠም። ሁሉንም ሰብስቦ ቱቦው ውስጥ ጨመረው።

ውጤቱ ሲመጣ ሚውቴሽኑ ቁልጭ ብሎ ታየ። ኃላፊዋ ግን፣ ናሙና እንዳይቀያየር ሁልጊዜ የሚያዩትን የጾታ ምልክት ሲያዩ ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

"አንተ፣ እናትህ ወንድ ነበሩ እንዴ?"

ሊስቅ ብሎ ጣቱን አየ። ይህን ናሙና በባዶ እጁ የነካ ወንድ እሱ ብቻ ነው። የእናቱ ዲኤንኤ በዕድሜ ብዛት ተበጣጥሶ አልቋል፤ ማሽኑ ያባዛው ከእሱ ጣት የተረፈውን ነው። ሚውቴሽኑ የራሱ ነው።

"በባዶ እጅህ ነክተኸዋል?"

"ነክቼዋለሁ።"

"ጓንቴ! አንተ?"

"እናቴ እኮ ናት፣ እትዬ።"

ሴትዮዋ አልተቆጡም። መርፌውን ራሳቸው አመጡና ደሙን ቀዱ። የእሱ ደም ያንኑ ተናገረ። የልጅቷም እንደዚያው።

ልጅቷ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ ወጥቶ "ጀምሮ ነበር፤ ግን አልተሰራጨም፤ ደርሰንበታል" ሲለው፣ አባት ኮሪደሩ ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እንደ ደንቡ ቢሠራ ኖሮ ያ ያረጀ ሰም ምንም አይናገርም ነበር፤ እሱም "አልተገኘም" ብሎ፣ ልጁን ስሞ፣ ለጥ ብሎ ይተኛ ነበር።

"እናቴ ናት ያዳነቻት" ይላል እስከ ዛሬ። ሳይንስ ይህን አይቀበልም። አይቀበላ!