ተራራ የወጣ ገበታ

እንደ ጁምበር መኪና ማቆም የሚወድ ሹፌር በጆርጂያ ምድር የለም። ሃያ ሁለት ዓመት እንግዳ ሳስጎበኝ ስንቱን ሹፌር አይቻለሁ፤ እንደሱ አንጀቴን ያሳረረው ግን አላጋጠመኝም። መጠጥ አይቀምስም፤ ወሬው ብቻውን ያሰክራል።

በዚያ መስከረም የያዝናቸው እንግዳ ሃሊና የሚባሉ የሰባ አንድ ዓመት ፖላንዳዊት ነበሩ። ገና አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እጄን ያዙና ዓይናቸው እየከዳቸው መሆኑን ነገሩኝ። ሐኪማቸው፣ የበረዶው ወራት ሳያልፍ የሰው ፊት እንኳ መለየት ያቅትዎታል ብሏቸዋል። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ኡሽባን፣ ያንን ባለ ሁለት ቀንድ ተራራ፣ ሊወጡ መጥተው ደመና ሸፍኖት ሳያዩት ተመልሰዋል። አሁን መውጣቱ ቀርቶባቸው ማየት ብቻ ነው የሚፈልጉት። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ፤ የሚያዝንላቸው ሰው አይወዱም።

ያለን ስድስት ቀን ነው። ሁለቱን ቀን ለጥንታዊ ከተሞች፣ የቀረውን ለተራራው ብዬ መደብኩ። ለጁምበርም እንድንፈጥን ደጋግሜ ነገርኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ምጽኼታ ካቴድራሉን አይተን ሳንጨርስ የክርስትና አባቱ ቤት ገበታ ተዘርግቶ ጠበቀን። በማግስቱ ከዓለት የተፈለፈለችውን ከተማ ለማየት ስንሄድ አክስቱ መንገድ ላይ ቆማ አገኘናት። ኩታይሲ ደግሞ አብሮ አደጉ ነበር፤ ልናየው ያሰብነው ገዳም ጋ የደረስነው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። እኛ አገር ገበታ ላይ ከተቀመጡ ወዲያ ዝም ብሎ መነሣት የለም። ታማዳ የሚባል የገበታ መሪ ይሾማል፤ እሱ እየመረቀ ጽዋው ለሰላም፣ ለአገር፣ ለሙታን፣ ለልጆች ይነሣል። የመጨረሻው ምርቃት ሳይባል የተነሣ ሰው ቤቱን ንቋል።

በዚህ ዓይነት ኡሽባ አጠገብ ያለችው ሜስቲያ የገባነው በአምስተኛው ቀን ማታ ነው። በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መነሣት ነበረብን፤ አውሮፕላኑ ከኩታይሲ ንጋት ላይ ይበራል፣ ጁምበር ደግሞ ያንን ገደል በጨለማ አልነዳም ብሎ ምሏል።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ተራራው የሚታየው ግን ከቤቱ ሳይሆን ከበላዩ ካለው ኮረብታ ነው። ያሳደሩንን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ቤሳሪዮንን፣ ቁርስ ብቻ ቀምሰን እንውጣ ብዬ ለመንኳቸው። ይሉኝታ መስሏቸው ሥጋ የተሞላውን ዳቦ ጨመሩልኝ። ራሳቸው ታማዳ ሆነው ምርቃቱን ጀመሩ። ሦስተኛው ጽዋ ላይ በመስኮት ሳይ ደመናው በሰሜን በኩል እየተንከባለለ ይመጣል። ለሙታን በሚነሣው ጽዋ መሃል ሽማግሌው እየተናገሩ ብድግ አልኩ።

ጁምበር ቀሚሴን ሳበኝ።

“ተቀመጪ እንጂ፣ ኤተሪ። ምን ነካሽ?”

ያኔ ገነፈልኩ። ዓይናቸውን፣ ሐኪሙን፣ ስድስቱን ቀን፣ የማንም አክስት ገበታ የበላብንን ሰዓት ሁሉ ዘረገፍኩት። ሃሊና ቋንቋውን ባያውቁም የሰዉ ፊት ሁሉ ወደሳቸው ሲዞር ገባቸው፤ አንገታቸውን ደፉ።

ቤሳሪዮን ጽዋቸውን አስቀመጡ።

“ይህን ስድስት ቀን ሙሉ በሆድሽ ይዘሽ ዞርሽ?”

“ቃል ገብቼላቸው ነው፣ አጎቴ።”

“እኛስ ምን በደልንሽ፣ ልጄ? ብትነግሪው ኖሮ ይሄ ለፍላፊ እንኳ አፉን ዘግቶ ይነዳ ነበር።”

እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ ጁምበርን በመርገም ተጠምጄ ይህ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም ነበር።

ሽማግሌው ገበታው አይፈርስም አሉ፤ ቀጥለው ግን ወንዶቹን ገበታውን አንሡት ብለው አዘዙ። አራት ሰው ጠረጴዛውን ከነሳህኑ ተሸክሞ ኮረብታውን ወጣ። እኔ የወይን ጠጁን እንስራ ያዝኩ፤ ጁምበር ሃሊናን ደገፈ። ላይ ስንደርስ ደመናው ቀድሞናል፤ ኡሽባ የለም።

ተቀመጥን፤ ምርቃቱም ቀጠለ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰዓቴን አየሁ። ጁምበር ዓይኑን ከደመናው ሳይነቅል፣ “ሰዓቱን ተዪው፤ በጨለማም ቢሆን እነዳለሁ” አለኝ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ቤሳሪዮን የሚመርቁት አለቀባቸው። የቀረው የመጨረሻው ምርቃት ብቻ ነው፤ እሱ ከተባለ ደግሞ መነሣት ነው። ተጨንቀው አዩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ገበታ መቼ ባለቀ እያልኩ የኖርኩት እኔ ጽዋ አነሣሁና ለጎማ ጠጋኞች አልኩ። ጁምበር ውሃውን አንሥቶ ለአክስቱ ጉልበት መረቀ። ከዚያ ለዶሮዎቹ፣ ለድልድይ ሠሪዎች፣ አንዴ ደግሞ ለፖላንድ ድንች ጠጣን።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደመናው ተቀደደና አንደኛው ቀንድ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሃሊና መነጽራቸውን አወለቁ። መሃሉ ስለጠፋባቸው ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው በዓይናቸው ጠርዝ ነው የሚያዩት። ጁምበር እንኳ ወሬውን አቋረጠ።

“ሁለቱም ወጥተዋል?” ብለው ጠየቁኝ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሽማግሌው ግን ያዩኛል፤ ለስድስት ቀን ዝምታዬም የከፈሉት ሃሊና ናቸው።

“አንዱ ብቻ ነው” አልኳቸው።

እሳቸውም ወንበራቸውን ወደ ገበታው ስበው ባዶ ጽዋቸውን ለቤሳሪዮን ዘረጉ።

“እንግዲያው ቀጥሉ በያቸው።”