ወደ ገበያ የወረደው ገመድ

ዘበኛው ቢሰጥ ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም መውጫ ላይ ያለውን ኬላ ይጠብቃል። የሥራ መሣሪያው ቀይ ጨርቅ የታሰረበት አንድ ገመድ ነው። መኪና ሲመጣ ይወጥረዋል፣ ያለ ፈቃድ የተጫነ እህል አለመኖሩን አይቶ ይለቀዋል። በዚያ በደርግ ዘመን ለመንግሥት ከሚያስረክበው ኮታ የተረፈችውን እህል ለመሸጥ የሚሞክር ገበሬ ከጅብ ይልቅ ያንን ገመድ ይፈራ ነበር።

ቢሰጥ ደግሞ የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ከደንበጫ በኩል የሚመጣ መኪና ኬላው እስኪደርስ ድረስ የሚያቆመው የለም፤ ገበያውን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ይበራል። ባለፈው ገበያ አንዱ ጌሾ ሻጯን ቻይነሽን ገጭቶ ጣላት። በማግሥቱ ተቀበረች። ከጎኗ በርበሬ ዘርግተው ሲሸጡ የነበሩት የቢሰጥ እናት ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው፤ ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል።

ወደ ቀበሌው ሊቀ መንበር ወደ ክንዱ ሄደ።

«መኪና ቀስ ይበል ብለን ለአውራጃው አመልክተናል» አለ ክንዱ። «መልስ እስኪመጣ ጠብቅ።»

«በገበያ ቀን ብቻ ገመዱን ወደ ገበያው አፍ ላውርደው፣ ጓድ?»

«ከታዘዘበት ቦታ ብታነሳው ገመዱ በአንገትህ እንዳይገባ!»

ቢሰጥን ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም። በገበያው ቀን ጠዋት እናቱን ጮክ ብሎ ለመናቸው።

«እማ፣ ዛሬ እንኳ ይቅሩ!»

«አንተ ኬላህን ጠብቅ፤ እኔን እመብርሃን ትጠብቀኛለች። ጆሮዬ ቢደፈን ዓይኔ አልጠፋ!» ብለው ቁናቸውን ተሸክመው ወጡ።

ቢሰጥ ገመዱን ከኬላው ፈትቶ በደንበጫ በኩል ወደ ገበያው አፍ ወሰደው። አንዱን ጫፍ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር አሰረ፤ ሌላውን ያዘ። ሰው ደስ የሚለው መስሎት ነበር።

አህያ ጭኖ የሚመጣ የሽዋስ የሚባል ገበሬ ቀዩን ጨርቅ አይቶ ደነገጠ።

«ኧረ ወገን፣ ኬላው ገበያ ወርዷል! እህላችሁን አሽሹ!»

«ለእህል አይደለም! ለመኪና ነው!» አለ ቢሰጥ።

«ጅብ በረት ልጠብቅ ቢል ማን ያምነዋል?»

ገበያው ተናወጠ። ባለ አህያው አህያውን፣ ባለ ጆንያው ጆንያውን ይዞ ወደ ማዶ ለመሻገር መንገዱን ሞላው። ግፊያው ወይዘሮ እልፍነሽን መሐል መንገድ አደረሳቸው፤ ቁናቸው ተደፋ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው በርበሬያቸውን መልቀም ጀመሩ።

ያን ጊዜ ከመታጠፊያው ላይ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

ቢሰጥ የሰውነቱን ክብደት ሁሉ ጥሎ ገመዱን ወጠረ። የወታደር ላንድሮቨር ነበር። ጎማው እየተንሲያጠጠ መጥቶ አፍንጫው ገመዱን ሲነካ ቆመ። የቢሰጥ መዳፍ ተላጠ።

አንድ መቶ አለቃ ወረደ።

«ይህን ማን አዘዘህ?»

«ማንም… ማንም አላዘዘኝ፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

«ምን ፈልገህ ነው ታዲያ?»

«መኪናው… ቀስ እንዲል ነው።»

«ሠራዊቱን ቀስ በል የምትል አንተ ማን ነህ? ግባ! ፍኖተ ሰላም ስትደርስ ትናገራለህ።»

ከኋላ በሁለት ወታደሮች መሐል አስቀመጡት። መኪናው ተነሣ። ጥሩምባው ሲጮህ ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ተበተነ፤ አንዲት ያጎነበሱ ሴት ግን ጀርባቸውን ሰጥተው በርበሬ ይለቅማሉ።

«አይሰሙም!» ብሎ ጮኸ ቢሰጥ። «ጌታዬ፣ ደንቆሮ ናቸው! እናቴ ናቸው!»

መቶ አለቃው ዞሮ አየው። ከዚያም ፊት ለፊት ያሉትን አሮጊት አየ።

«ቀስ በል» አለው ሾፌሩን።

መኪናው በአህያ እርምጃ ገበያውን አቋረጠ። ሕዝቡ ዳርና ዳር ቆመ። ወይዘሮ እልፍነሽ የሞተሩ ሙቀት ሲሰማቸው ቀና ብለው ዳር ያዙ፤ በመስኮቱ ልጃቸውን አዩት። ሹሞች አክብረው በመኪናቸው የጫኑት መሰላቸውና ፊታቸው በራ። በርበሬ በያዘ እጃቸው ሰላምታ ሰጡት።

ቢሰጥም የተላጠ እጁን አነሣላቸው።

ገበያውን አልፈው ወጡ። ገመድ የሌለው ኬላ ብቅ አለ፤ ማንም አላስቆማቸውም። ሾፌሩ ማርሽ ለወጠና መኪናው ወደ ፍኖተ ሰላም በረረ።