መቶ ስድሳ ዘጠነኛው መስመር

አባቷ በሞቱ በሁለተኛው ወር ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው የመቃብራቸውን ጽሑፍ ልታሠራ ድንጋይ ቀራጩ ዘንድ ሄደች።

«በይ እህቴ፣ ምን ብዬ ልቅረጽ?»

«1022117፣ የማይካፈለው።»

«የስልክ ቁጥራቸው ነው እንዴ? ብንደውል የሚያነሳ የለም።»

ሳታስበው ሳቀች። «የማሽናቸው ቁጥር ነው። ሠላሳ ዓመት ብረት የቀረጹበት ቶርኖ።»

አባቷ ከአራተኛ ክፍል አላለፉም። ግን ቁጥር ሲያዩ እንደ ሰው ጠባዩን ካላወቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ይህኛው ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል የማይካፈል፣ ብቸኛ ቁጥር ነው ብለው ነበር። ለዚህም በየምሳ ሰዓቱ ብቸኛ የሆኑትን ቁጥሮች ከሁለት ጀምረው አንድ በአንድ አካፍለውበታል፤ ደብተራቸው ላይ መቶ ስድሳ ስምንት መስመር፣ በየመስመሩ ጫፍ ቀሪ።

«ድንጋይ እንደ ወረቀት አይሰረዝም» አለ ቀራጩ። «እርግጠኛ ነሽ?»

እስከዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ያልተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የመጨረሻው መስመር 997 ነው። ለምን እዚያ ቆሙ? ከኋላ የተለጠፈውን የብቸኛ ቁጥሮች ሰንጠረዥ አየች፤ ከአሮጌ መጽሐፍ የተቀደደ ነው፣ እሱም 997 ላይ ያልቃል። አባቷ የወረቀቱን መጨረሻ የመንገዱ መጨረሻ አድርገውታል።

መንገዱ የት እንደሚያልቅ ለማየት 1011ን በራሱ አባዛች። 1022121 መጣ፤ ከአባቷ ቁጥር በአራት ብቻ የሚበልጥ። ስለዚህ ቁጥሩን የሚያካፍል ካለ፣ ትንሹ ከ1011 በታች መገኘት አለበት። ከ997 ወዲያ እስከዚያ ያለው ብቸኛ ቁጥር አንድ ብቻ ነው፣ 1009። አካፈለች። 1013፤ ቀሪ የለም።

አባቷን ሁለተኛ የቀበረቻቸው መሰላት።

«ምነው?»

«ይካፈላል።»

«ተሳስተዋላ።»

ወደ ላይ ተመልሳ መስመሮቹን መፈተሽ ጀመረች። የሰባት ቀሪ ልክ ነው። የአሥራ ሦስት ልክ ነው። የ499 ልክ ነው። ሃያ ያህል ፈተሸች፤ አንዲት ዝንፍ ያለች አጣች። ደግሞስ እንዴት ያለ ቁጥር ነው? መቶ ስድሳ ስምንት እንግዳ በሩ ላይ አስቁሞ የመለሰ፣ በውስጡ ግን ሁለት ብቻ የያዘ፤ ሁለቱም ብቸኞች፣ ሁለቱም ከሺህ በላይ፣ በመካከላቸው የአራት ርቀት። አባቷ ይህን ቢያዩ ሥራ አስቁመው ጓደኞቻቸውን ይጠሩ ነበር።

«አንድ መስመር ሲቀራቸው ቆሙ» አለች። «‹የማይካፈለው› የሚለውን ተወው። ቁጥሩን ቅረጽ፣ ከሥሩ 1009 ሲባዛ በ1013 በል።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የተጠራጠረ ያባዛው።»

ቀራጩ መሮውን አነሳ። «ከየትኛው ልጀምር?»

«ከትልቁ፣ ከማሽኑ ቁጥር። እሳቸውም የጀመሩት ከሱ ነው።»