ከካቡ ማዶ ያለው ቀፎ

የስልክ መስመር ጠጋኙ ምንይሉ የግድግዳውን ሽቦ በጣቱ እየተከተለ ከቤት ወጣ። ሳሌም ጋቢዋን እንደተከናነበች ተከተለችው። የሞደሙ አረንጓዴ መብራት አሁንም ብልጭ ብላ ጠፍታለች፤ በኢንተርኔት የምታደርገው የትምህርት ዕድል ቃለ መጠይቅ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም በማለዳ፣ መሀል ላይ ተቋርጦባታል። ውጭ አገር ያሉት መምህራን ጨዋ ሆነው ነው እንጂ ይህን የመጨረሻ ዕድል ባልሰጧት ነበር። ዛሬ ከተቋረጠ የትምህርት ዕድሉ ሄደ ማለት ነው።

"ሞደሙን ቦታ ቀየርኩለት፣ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ምን ያላደረግሁት አለ?" አለች።

"ችግሩ ቤት ውስጥ አይደለም።" ምንይሉ በድንጋዩ ካብ ሥር ወደ ጎረቤት የሚያልፈውን ጥቁር ሽቦ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። "ይሄን ማነው የቀጠለው?"

"አባዬ ነዋ" አለች ሳሌም። እሱ ከሞተ ስንት ዓመቱ፤ ሥራው ግን አሁንም አለ።

ያኔ በትንሿ ከተማቸው በዘመሮ ስልክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። የአባቷ የልብስ ሰፊው የወንዳፈራሁ ስልክ የሰፈሩ ሁሉ ስልክ ነው። ሲጠራ ሳሌም ካቡ ላይ ወጥታ "እትዬ፣ ስልክ!" ትላለች፤ የተጠራችው ሊጥ በእጇ እንደያዘች ትመጣለች። ያልተጠሩትም ይመጣሉ፣ ወሬ እንዳያመልጣቸው። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ዛሬማ ሁሉም በየኪሱ ስልክ ይዞ ማንም ማንንም አይጠራም።

ከካቡ ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው የእማማ አያልነሽ ልጅ ስንታየሁ በ1991 ወደ ግንባር ሲዘምት "እደውላለሁ" ብሎ ሄደ። ወንዳፈራሁ እናቲቱ በዚያ ብርድ እንዳይሮጡ ብሎ ሁለተኛ ቀፎ ገዛና በካቡ ሥር ሽቦ ሳበላቸው። ፈቃድ መጠየቅ የሚባል ነገር ትዝም አላለው። ስንታየሁ አንድ ቀን ደወለ፤ ደህና ነኝ አለ፤ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው መርዶው ነው።

"ያኛው ቀፎ በተነሳ ቁጥር ኢንተርኔትሽ ይቋረጣል" አለ ምንይሉ። "ሽቦውም አርጅቷል፤ እርጥበት ሲነካው ፍጥነቱን ይገድለዋል። መቁረጥ ነው።"

"እሳቸው መች ያነሱታል? ማን ይደውልላቸዋል?"

ጎረቤት ገብተው ሲያዩ እማማ አያልነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ቀፎውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ነበር።

"እማማ፣ ማን ደውሎ ነው?"

"ማንም አልደወለ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሌ አነሳዋለሁ። ቱ... ሲል እሰማለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ።" ቀፎውን ቀስ ብለው መለሱት። "ተዝካሩን አውጥቻለሁ እኮ ልጄ፤ መሞቱን አጥቼው አይደለም። ግን ድምፁን ለመጨረሻ የሰማሁት በዚህች ነው። መስመሩ መኖሩን ካልሰማሁ ቀኑ አይነጋልኝም።"

የሳሌም ዓይን እንባ ሞላ። በማለዳ የሚቋረጥባት በምን እንደሆነ አሁን ገባት። ሽቦው ለምን መቆረጥ እንዳለበት ምንይሉ ነገራቸው።

እማማ አያልነሽ ብዙም አላሰቡ። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቁረጠው እንጂ። የወንዳፈራሁ ልጅ በእኔ ምክንያት ከትምህርት ልትቀር ነው?" ቀፎውን ከነማስቀመጫው በጥልፍ ልብሱ ጠቅልለው ለሳሌም ሰጧት። "እናንተ ዘንድ ይሁን። ከጠራ እንደ ድሮው ካቡ ላይ ሆነሽ ትጠሪኛለሽ።"

ሽቦው ተቆረጠ። የሞደሙ መብራት በራች፤ በርታም ቀረች። ምንይሉ ፍጥነቱን ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ቤት እንዲህ ያለ መስመር አይቶ አያውቅም። በይ ተቀመጪ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።"

ሳሌም ቀፎውን የአባቷ ስፌት መኪና ላይ አስቀምጣ ሽቦውን ወደ ግድግዳው መሰኪያ ዘረጋች።

"ዛሬ ተይው" አለ ምንይሉ። "ጠርቶ ከተነሳ አለቀልሽ። ስትጨርሺ ትሰኪዋለሽ። ደግሞስ ማን ይደውላል?"

"ልክ ነህ" አለች።

በመስኮቱ ተመለከተች። እማማ አያልነሽ ካቡን ተደግፈው ቆመዋል፤ ጆሯቸው ወደዚህ ነው።

ሳሌም ስልኩን ሰካችው። መስኮቱን ከፍታ "እማማ፣ ብርድ ላይ አይቁሙ፤ ይምጡ" ብላ ተጣራች። ሲገቡ ዱካ ስባ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

"ከጠራ ያንሱት" አለቻቸውና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።