ብርቱካናማው ሰደርያ

ዶሪን የመጨረሻውን ካርቶን በፕላስተር አሽጋ ቀና ሳትል አንድ ሰውዬ ጮኸባት። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አራተኛው መሆኑ ነው።

"ጠመንጃውን ከሽያጭ አነሳችሁት አሉ። ትንሽ አታፍሩም?"

"ያነሳሁት እኔ አይደለሁም፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ስልካቸው በሩ ላይ ተለጥፏል።"

ከእሱ በፊት ደግሞ አንዲት ሴትዮ "ተባረኩ፣ ደግ አደረጋችሁ" ብላ እጇን ጨብጣት ነበር። ለእሷም የሰጠቻት መልስ ያው ነው። በዚህ የስፖርት ዕቃ መደብር የአደን ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትቆም ሐሳቧን የጠየቃት የለም። ቢጠይቋት ጠመንጃው በመሄዱ ቅር እንዳላላት ትናገር ነበር። ያንገበገባት ቀኑ ነው። በፔንሲልቬንያ የአጋዘን አደን የሚከፈተው በዚሁ ቅዳሜ ነው፤ ከተማው ግልብጥ ብሎ ጫካ ይገባል። የአደን ዕቃ ታሽጎ ይመለስ የሚለውን ትእዛዝ ከዋናው መሥሪያ ቤት የጻፈው ሰው አጋዘን ያየው በገና ካርድ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ የመጡት ጡረተኛው የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ሎይድ ናቸው። አፏን ሳትከፍት እጃቸውን አነሡ።

"እኔ ጠመንጃም ጥይትም አልፈለግሁም። ለልጅ ልጄ ለቴሳ ሰደርያ ስጪኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ቅዳሜ የመጀመሪያዋ ነው።"

አዳኝ ሁሉ እንዲለብሰው ሕግ የሚያስገድደውን፣ ከሩቅ ዓይን የሚወጋውን ብርቱካናማ ሰደርያ ማለታቸው ነው። ዶሪን እግሯ ሥር ያለውን ካርቶን አየችው። ትእዛዙ "የአደን ዕቃ በሙሉ" ስለሚል ሰደርያውም ታሽጓል።

"ብሬት፣ አንድ ሰደርያ ላወጣ ነው" አለችው ሥራ አስኪያጁን።

የሃያ ስድስት ዓመቱ ብሬት ከታብሌቱ ቀና አላለም። "አይቻልም። የሽያጭ ኮዱ ተዘግቷል፤ የሒሳብ ማሽኑ አያነበውም። ነገ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።"

"ይሄ እኮ አይተኩስም፣ የኔ ጌታ። እንዳይተኮስብህ የምትለብሰው ነው።"

"ገብቶኛል። ግን የአደን ዕቃ ነው።"

"ተይው በቃ" አሉ ሎይድ። "ሌላው ሱቅ አርባ ማይል ነው፤ ደውዬ ነበር፣ አልቆበታል። ቡናማ ጃኬቷ ላይ ቀይ ሻርፕ አስርላታለሁ።"

ቡናማ ጃኬት። የዶሪን ወንድም ጄራልድም በሞተበት ቀን ሰደርያውን መኪና ውስጥ ረስቶ በቡናማ ጃኬት ነበር ጫካ የገባው። አጋዘን መስሎት የገደለው የገዛ አጎታቸው ነው። አጎትየው ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አይቀርብም።

ቢላዋዋን አነሳችና ፕላስተሩን ቀደደችው።

"ዶሪን፣ ያባርሩሻል" አለ ብሬት፤ አሁን ቀና ብሏል።

"ከጠዋት ጀምሮ ያልሰደበኝ ማን ቀረ? እነሱም ወረፋ ይያዙ።"

የልጅ ልክ ፈልጋ ከነኮፍያው ለሎይድ ሰጠቻቸው። ቦርሳቸውን ሊያወጡ ሲሉ "ማሽኑ አያነበውም ተብሏል፤ ይውሰዱላት" አለች። ከዚያ ካርቶኑን በእግሯ እየገፋች ዋናው በር ጋ አደረሰችው። ክዳኑ ላይም "የሌለው ይውሰድ" ብላ በወፍራም ብዕር ጻፈችበት።

በሩ ተከፈተ። ፊቱ የቀላ ሰውዬ ገባ።

"ጠመንጃውን አነሳችሁት—"

"ሰደርያ አላችሁ?" ብላ አቋረጠችው።

ሰውዬው ግራ ገባው። "እኔ አለኝ። ለሁለቱ ልጆቼ ነው ያላገኘሁት።"

"ልካቸውን ንገረኝ" አለችና ሁለተኛውን የሰደርያ ካርቶን ልታመጣ ተመለሰች።